የእናንተ ይጻፍ

እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ባለቤቴ አስቀድማ ታስጠነቅቃለች፤ እኔ የምናገረው ሁሉ ለአሥር ተካፍሎ እንዲሰማ። ሰመር ላይ ሐይቅ ወርጄ ስላጠመድኩት ዓሣ ሳወራ ሁለት እጄን ስዘረጋ፣ እሷ ከኋላዬ ቆማ በሁለት ጣቷ መጠኑን ታስተካክላለች። እናንተም ማካፈሉን አትርሱ። የማይካፈል ነገር ላይ ስደርስ እኔው ራሴ እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ ሙቀት ነው። ቤቱን ሁሉ የሚያሞቀውን ትልቅ ምድጃ፣ ፈርነሱን፣ እጠግናለሁ፤ ሂተር እሰቅላለሁ፤ ሙቁ አየር የሚሄድበትን ቧንቧ፣ ዳክቱን፣ እዘረጋለሁ። ቶሮንቶ ብርድ ሲገባ ሰው ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚጠራው እኔን ነው፤ ጥር ላይማ ተራው ይገለበጣል። በዚህ ሥራ ያልገባሁበት ቤት የለም። የሀብታም ምድር ቤት አይቻለሁ፤ እኛ ከምንኖርበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ ፎቆች ጣራ ላይ ወጥቼ ከነፋስ ጋር ታግያለሁ፤ የሁሉንም ሃይማኖት ፈርነስ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልመስክር፤ ፊልተር በጊዜው የሚቀይር ሃይማኖት እስካሁን አላገኘሁም።

ከደንበኞቼ ሁለቱ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ናቸው። አንደኛው የስሪላንካዎቹ ነው፤ በከተማው ምሥራቅ፣ ከተራ መኖሪያ ቤት የተሠራ። ሁለተኛው የታይላንዶቹ ነው፤ በስተሰሜን፣ ድሮ የምንጣፍ መጋዘን የነበረ። መጀመሪያ የስሪላንካዎቹን ፈርነስ ከሞት አስነሣሁ፤ እነሱም ለወዳጆቻቸው ለታይላንዶቹ አወሩልኝ።

የታይላንዶቹ ፈርነስ የተቀበረው ከትልቁ የቡድሃ ሐውልት ፊት ለፊት፣ ወለሉ ሥር ነው። እሱን ለመጠገን ጫማ አውልቆ፣ በደረት ተኝቶ፣ ጭንቅላትን ጉድጓድ ውስጥ መክተት ግድ ይላል። እንዲህ ሆኜ ሦስት ሰዓት ስቆይ (አካፍሉ እንጂ) ሊጸልዩ የመጡት ሰዎች ከእኔ የበረታ ሰጋጅ አይተው አያውቁም። አንዲት ባልቴት እግሬ አጠገብ አበባ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ይህን ለነፍስ አባቴ ሳጫውታቸው መስቀላቸውን እንደያዙ መስገድ አለመስገዴን ጠየቁኝ። ለፈርነሱ ነው አባቴ፣ አልኳቸው።

«እንግዲያው ፈርነሱም ጣዖት እንዳይሆንብህ» ብለው አሰናበቱኝ።

መጋዘኑ ከጎኑ ከፍ ያለ የመስታወት ክፍል አለው። መሐሉ ላይ በርሜል የሚያህል ማሰሮ ውስጥ ዛፍ ተተክሏል፤ ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ብርሃን አገኘ የሚሉት ዓይነት ዛፍ። ቅጠሉ ልብ ይመስላል፤ ጫፉ ደግሞ እንደ አይጥ ጭራ ቀጥኖ ይረዝማል። ችግኙን ከአገራቸው ያመጡት የስሪላንካዎቹ አለቃ፣ ሽማግሌው መነኩሴ ናቸው። የራሳቸው ቤት ጣራው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለታይላንዶቹ ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ የቡድሃን ልደት ሲያከብሩ፣ ስሪላንካዎቹ ድስታቸውን ተሸክመው ወደ ሰሜን ይመጡና ሁለቱ ሕዝቦች ከዛፉ ሥር አብረው ይውላሉ። እኛም በግንቦት ልደታ ከነድስታችን ደጅ የምንወጣ ሰዎች ስለሆንን ነገሩ አልገረመኝም። የገረመኝ ንፍሮ አለመኖሩ ነው።

ወዳጅነታቸው ግን ከዛፉ ይቀድማል። ሽማግሌው መነኩሴ አንድ ቀን የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ቴርሞስታቱን፣ ስቀይርላቸው አጫውተውኛል። በጥንት ዘመን ታይላንዶች የምንኩስናን ሥርዓት ከስሪላንካ ተቀበሉ። ብዙ ዘመን አለፈና ስሪላንካ ራሷ ችግር ላይ ወደቀች፤ ሥርዓቱ ተቋረጠ፤ ሌላውን የሚያመነኩስ መነኩሴ ጠፋ። ያን ጊዜ ከታይላንድ መነኮሳት በመርከብ ሄደው ያንኑ ሥርዓት መልሰው አስጀመሩ። ይህን ስሰማ ወዲያው ገባኝ፤ እሳት መጫር ነው። ጎረቤት ከምድጃህ ፍም ጭራ ትሄዳለች፤ ሌላ ቀን የአንተ ሲጠፋ ያንኑ እሳት ከእሷ ጭረህ ትመጣለህ። የማን እሳት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በእንግሊዝኛ እንደምንም ሳስረዳቸው መነኩሴው አጨበጨቡ። ሙቀት ነክ የሆነ ነገር ሁሉ በእኔ አፍ ያምራል።

ከዛፉ ሥር አንዲት የነሐስ ሰሌዳ ነበረች። ባዶ። ዛፉን ታይላንዶች «ፖ» ይሉታል፤ ስሪላንካዎች «ቦ»። ሰሌዳዋ በተሠራች ጊዜ ታይላንዶቹ፣ ስጦታው የእናንተ ነውና «ቦ» ይጻፍ አሉ። ስሪላንካዎቹ፣ ኧረ በፍጹም፣ የቆመው በእናንተ ቤት ነው፣ «ፖ» ይጻፍ አሉ። ኮሚቴ ተሰበሰበ። ደብዳቤ ሄደ፤ ደብዳቤ መጣ። እኔ ባደግሁበት አገር ሰው የሚጣላው የእኔ ይጻፍ ብሎ ነው፤ እነዚህ የእናንተ ይጻፍ ተባብለው ሊኮራረፉ ምንም አልቀራቸው። ሰሌዳዋም መቶ ዓመት ባዶዋን ተቀመጠች። ለአሥር ብታካፍሉትም ትንሽ አይደለም።

ዛፉን የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ ታይላንዳዊት ነርስ ናቸው። ሰባ አልፏቸዋል፤ ቁመታቸው ከመሣሪያ ሳጥኔ ብዙም አይበልጥ። በእኛ አገር ነርስ «ሲስተር» ስለምትባል እኔም ሲስተር ብዬ ጠራኋቸው። የቤቱ ሰዎች መነኩሲት ያደረግኋቸው መስሏቸው ሳምንት ሙሉ ሳቁባቸው፤ ስሙ ግን ጸና። ችግኙ የተሰጠ ዕለት ለሽማግሌው መነኩሴ ቃል የገቡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ዛፍ በካናዳ ብርድ አይሞትም ብለው። ቃላቸውን የጠበቁትም እንደ ነርስ ነው። ዛፉ እንደ በሽተኛ ቻርት አለው። የክፍሉ ሙቀት፣ የጠጣው ውሃ፣ የዋለበት ሁኔታ፣ ሁሉም በየቀኑ ይጻፋል።

ባለፈው ጥር ብርዱ የመስታወቱን ክፍል አሸነፈውና ሲስተር ኮል አደረጉልኝ። እኔ ደግሞ ሥራ ስሠራ ሰው ሞቀኝ እስኪል ሳይሆን ማረኝ እስኪል ነው የማሞቀው። አውሮፕላን የሚያስነሣ ሂተር ጣራው ላይ ሰቀልኩ፤ አፉንም በቀጥታ ወደ ዛፉ አዞርኩ። የበረደው እሱ አይደል? በሚቀጥለው ሳምንት ሙዝ ያፈራል ብዬ ፎክሬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅጠሉ ረገፈ። ሁሉም። የካቲት ሲገባ ዛፉ የመጥረጊያ እጀታ መስሎ ቆመ።

ሲስተር ሲደውሉልኝ ድምፃቸው መርዶ ነጋሪ ሆኖ ነበር። ስደርስ ቅጠሎቹን ለቅመው ነጭ ፎጣ ላይ ደርድረዋቸዋል። ቀና ስል ትኩስ ደረቅ አየር ግንባሬን መታኝ፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሳልሸፍን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በግንቦቱ በዓል የሁለቱ አገሮች ተወካዮች እንደሚመጡ ነገሩኝ። ሽማግሌው መነኩሴም ከበዓሉ በኋላ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሊገቡ ነው፤ የሚሰናበቱትም እዚሁ ዛፍ ሥር ነው። ታዲያ አደራ የተሰጣቸውን ልጅ ገድለው በምን ዓይን ሊያዩዋቸው?

በጭንቅ ሰዓት ሌላው ሰው ጸሎት ይመጣለታል፤ ለእኔ ተንኮል ነው የሚመጣልኝ። መሳዩን ገዝተን እንተካዋለን አልኳቸው። ሲስተር ካፖርታቸውን ለበሱ። በቫኔ ስካርብሮ ወዳለ የዕፅዋት መሸጫ ሄድን። በቁመቱም በውፍረቱም መንትያ የሚሆነውን አገኘሁላቸው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ጭራ የለውም። ጭራውን ከአረንጓዴ ወረቀት ቆርጬ በማስቲሽ እለጥፋለሁ፣ ቅጠሉ ሁለት ሺህ ቢሆን ነው፣ ግንቦት ድረስ እጨርሳለሁ አልኳቸው። ሳቁ። ያን ሰሞን ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣታቸው ይዘው ብዙ ቆሙ። ገዙት ብዬ ጋሪ ሳመጣ ቅጠሉን ለቀቁት።

«ያውቁብናል» አሉኝ። «አውቀውም ምንም አይሉንም። ክፉው እሱ ነው።»

ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ወደ መስታወቱ ክፍል ስንገባ ዛፉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ዛፍ አየሁት። እስከዚያ ቀን ለእኔ የሚሞቅ ዕቃ ነበር። አሁን ግን ዕርቃኑን ሲቆም ግንዱ፣ የቅርንጫፉ አጣጣል፣ ትከሻው... ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ። ባደግሁበት ከተማ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ዋርካ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ባልና ሚስት የሚያስታርቁት፣ ድንበርተኛ የሚያስማሙት ከእሱ ሥር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጋው ሲከር ቅጠሉን በሙሉ አራግፎ መላጣውን ይቆማል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ግንዱ የሚጥላትን ቀጭን ጥላ እየተከተሉ ቀኑን ሙሉ በርጩማቸውን ይጎትታሉ፤ ጠዋት ከአውቶቡሱ በስተግራ የተጀመረ ዕርቅ ከሰዓት በኋላ በስተቀኝ ያልቃል። ዋርካው ሞተ ያለ ሰው ግን አንድም አልነበረም።

የቫኔን ቁልፍ አወጣሁና ቅርንጫፉን ጫር አደረግሁት። ነጭ ወተት ዱብ አለ።

«ዋርካ ነው» አልኳቸው ለሲስተር። «ዋርካ አይሞትም።»

«ዋርካ» አሉ እሳቸውም፣ ቃሉን አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ። ዓይናቸው ከወተቱ አልተነሣም።

የዚያኑ ዕለት ሂተሩን አፉን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። በሳምንቱ ሙቀቱ ከዳር ዳር እንዲመጣ ዳክት ዘረጋሁ፤ እርጥበት የሚተፋ ማሽንም ጨመርኩ። ኩሽናው በር ላይ ያለውን ቴርሞስታት ሰው እንዳይነካካው ደግሞ በወፍራም ማርከር፣ በእንግሊዝኛ፣ «ዋርካ፤ አይነካም» ብዬ ጻፍኩበት። ሲስተር ቻርታቸው ራስጌ ላይ «ዋርካ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም «ለውጥ የለም»።

መጋቢት ሙሉ ለውጥ የለም ነበር። የስንቱ ደንበኛዬ ፈርነስ ሲያስነጥስ እኔ በየሳምንቱ የዛፍ በሽተኛ ጠያቂ ሆኜ ከረምኩ። ሲስተር የመስታወቱ ክፍል በር ላይ መጋረጃ ጋረዱበት። ስሪላንካዎቹ ሴቶች ስለ በዓሉ ምግብ ሊመካከሩ ሲመጡ ዛፉን አላዩም፤ ኩሽና ሲገቡ ግን ቴርሞስታቱን አነበቡ። ዋርካ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ፤ ሲስተርም ዋርካ ዕረፍት ላይ ነው ብለው መለሱ። ሚያዝያ ላይ የስሪላንካዎቹን ፈርነስ ላጸዳ ብሄድ፣ ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች በቋንቋቸው፣ በሲንሃላ፣ ሲያወሩ መሐል ላይ «ዋርካ» የምትል ቃል ብቅ አለች። ጆሮዬን ጠረጠርኩት። ቆየት ብለው ደገሟት። ምን ተብሎ እንደተተረጎመ አልጠየቅሁም። ተንኮለኛ ሰው ዝም የሚልበትን ሰዓት ያውቃል።

ለበዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው የቅርንጫፎቹ ጫፍ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሾል ሾል ብሎ ነበር። ቅጠል ግን የለም። ሲስተር ደወሉልኝ። ሽማግሌው መነኩሴ በሰው ፊት ደንግጠው ከሚያዩት፣ አስቀድመው ሊነግሯቸው ወስነዋል። እኔም አጠገባቸው እንድቆም ፈለጉ። እኔ ቀልዴን ቤት ትቼ የሄድኩበት ሥራ ቢኖር ያ ነው።

ሽማግሌው በምርኩዝ መጡ። ሲስተር መጋረጃውን ራሳቸው ገለጡ። ቃሌን መጠበቅ አቃተኝ አሉ፤ እጃቸው አገጫቸው ሥር ተጋጥሞ ነበር። እኔም ቀደም ብዬ፣ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ እሳት የነፋሁበት እኔ ነኝ አልኩ። መነኩሴው ዛፉን ዞሩት። ቅርንጫፉን ነኩ። መቼ እንደረገፈ ጠየቁ። ነገርናቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወይ አሉ። አዎ አልን።

የሽማግሌው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ዞር ልል ስል እየሳቁ ነው።

«እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ዛፍ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አሉ። «በአገራችን ቦ በደረቁ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ነው የሚታደሰው። ይህ አንድም ቀን አላረገፈም። በሽተኛ ልጅ የሰጠኋችሁ መስሎኝ አፍሬ ዝም አልኩ።»

ሲስተር የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ቁጭ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው ለካ፤ አንደኛው ወገን ስጦታዬ ታመመ ብሎ ለዓመታት ሲደብቅ፣ ሌላው ወገን አደራዬን ገደልኩ ብሎ መጋረጃ ሲጋርድ! ዛፉ የጎደለው ለካ በጋ ኖሯል። በጋውን ደግሞ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። በቶሮንቶ ምድር፣ በጥር ወር፣ በጋ! ቢዝነስ ካርዴ ላይ «ወቅት እቀይራለሁ» ብዬ ላሳትም ነበር፤ ባለቤቴ ከለከለችኝ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ወደ ሲስተር ዘወር አሉ።

«ሴቶቻችን ሁሉ አሁን ዋርካ ነው የሚሉት። ደስ ይላል ቃሉ። በእናንተ ቋንቋ ምን ማለት ነው?»

ሲስተር ግራ ገባቸው። «የእናንተ አይደለም እንዴ? ይህ ሰው የእናንተንም ፈርነስ ስለሚሠራ ከእናንተ የሰማው መስሎኝ...»

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ታይላንዶቹ የስሪላንካ ቃል መስሏቸው፣ ስሪላንካዎቹ የታይላንድ ቃል መስሏቸው፣ አንዱ ሌላውን ለማክበር ሲል ሁለት ወር ሙሉ አማርኛ ሲናገሩ ከርመዋል። በደስታ ጣራው ላይ ልወጣ ምንም አልቀረኝ፤ መሰላልም ነበረኝ። እንደምንም ተረጋግቼ ስለ መናኸሪያው ዋርካ ነገርኳቸው፤ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ በርጩማው፣ በቀጭን ጥላ ስለሚካሄደው ዕርቅ። መነኩሴው እስከ መጨረሻው ሰምተው የተጣሉ ሰዎች ከሥሩ ተቀምጠው ይታረቁ እንደነበር ደግመው አረጋገጡ። ከዚያ በምርኩዛቸው ባዶዋን ሰሌዳ ነካ ነካ አደረጉ።

«እንግዲህ የማንኛችንም አይደለም» አሉ። «ይኸው ይጻፍ።»

ሲስተር ወዲያው ከሳጥኔ ላይ ብድግ አሉና ከቻርታቸው ወረቀት ቀድደው ሰጡኝ። በገዛ ፊደሌ እንድጽፈው ነው። ሦስት ፊደል ለመጻፍ ወረቀቱን ጠበቅ አድርጌ ጉልበቴ ላይ ያዝኩ፤ የመጀመሪያዋ «ዋ» ግን ተንጋደደችብኝ። የቄስ ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት እንኳ እንዲያ አልሆንኩም።

የበዓሉ ዕለት መጋዘኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ሚሊዮን ሰው ነበር። እሺ፣ አካፍሉ፣ ከፈለጋችሁ ደጋግማችሁ አካፍሉ። የታይላንዱ ተወካይ ተነሥተው ስለ ወዳጅነቱ ሲናገሩ ዋርካ አሉ፤ የስሪላንካው ተወካይ ሲመልሱ ዋርካ አሉ፤ በኮት በከረቫት የተናገሩት ይህን ነው፣ ማንም አልሳቀም። ሰሌዳዋ ላይ ያለው ጨርቅ ሲነሣ በሲንሃላ ፊደል፣ በታይ ፊደል፣ ከሥር ደግሞ በእጄ የጻፍኩት፣ «ዋ» ትንሽ የተንጋደደችበት «ዋርካ» ታየ። የነፍስ አባቴ በቦታው አልነበሩም፤ በኋላ ስነግራቸው ግን የፊደሉን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ቅጠሉስ? ሲስተር ንግግሩ ሳይጀመር በማለዳ ነበር መጋረጃውን የገለጡት። ሽማግሌው መነኩሴ በምርኩዛቸው ወደ ላይ እያመለከቱ በሲንሃላ ቆጠሩ። ሲስተር ጣታቸውን እያጠፉ በታይ ቆጠሩ። እኔም በአማርኛ። ሦስታችንም እኩል ጨረስን። ሲስተር ቻርታቸውን አወጡና ከዚያ ሁሉ «ለውጥ የለም» ሥር ቁጥሩን ጻፉ፤ ጽፈውም ገጹን ወደ ሽማግሌው አዙረው በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው፣ ሽማግሌውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ሰባት ቅጠል። አረንጓዴ አይደሉም፤ የመዳብ ቀለም አላቸው፣ ብርሃን ያሳልፋሉ፣ ጭራቸው ገና አልተፈታም። ይህን ጮክ ብዬ ለተሰበሰበው ሰው ስናገር እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ዘወር አልኩ። ባለቤቴ እጇን አጣምራ ቆማለች። ጣቷን አላነሣችም።

ሰባት ነው። አታካፍሉት።